የማውዘር ሽጉጥ እጀታና ቀዩ «9»

በጀርመን አገር በኔካር ወንዝ ዳር በምትገኘው የኦበርንዶርፍ ከተማ፣ በማውዘር ፋብሪካ የተሠራው «ሲ 96» የተባለው ሽጉጥ በጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። የነደፉት በፋብሪካው ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሦስቱ የፌደርሌ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ የፈጠራው መብት የተመዘገበው ግን በኃላፊው በፓውል ማውዘር ስም ነበር። ይህም በዚያ ዘመን ኢንዱስትሪ ዘንድ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሽጉጡ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1937 ድረስ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ቁጥር ተሠርቷል። በአገራችን የማውዘር ስም ጎልቶ የሚሰማው በጠመንጃው ቢሆንም፣ ሽጉጡም ዛሬ በየአገሩ ቤተ መዘክርና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የእጀታውን ቅርጽ አይተው «የመጥረጊያ እጀታ» ሲሉት፣ ቻይናውያን ደግሞ ከእንጨት ማኅደሩ ተነሥተው «ሳጥን መድፍ» ብለውታል።

የዚህን መሣሪያ ውስጥ የመረመረ ሰው የሚደነቅበት አንድ ነገር አለ። የብረት ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው የሚያዙ እንጂ በብሎን የተጣበቁ አይደሉም። በመላው ሽጉጥ ላይ ያለው ብሎን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የእጀታውን ሁለት የእንጨት ገጾች ግራና ቀኝ አጣብቆ የሚይዘው ነው። እንግዲህ ካቻቢቴ ያለው ማንኛውም ሰው በቀላሉ ነቅሎ በሌላ ሊተካው የሚችለው ክፍል እጀታው ነው። የሰው እጅ ሳያቋርጥ የሚዳስሰውና የሚያለብሰውም ይኸው እንጨት ነው። ስለዚህ የሽጉጡን የሕይወት ታሪክ አብዝቶ የሚናገረውም፣ ለማታለያ የሚመቸውም እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ አብነት የሚሆነው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 የፕሩሲያ ጦር ሠራዊት የሽጉጥ እጥረት ስለ ገጠመው 150,000 ማውዘር አዘዘ። የፋብሪካው የተለመደ ጥይት ባለ 7.63 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሠራዊቱ ግን የሚጠቀመው በባለ 9 ሚሊ ሜትር ነበር። ሁለቱ ሽጉጦች በመልክ ስለማይለዩ፣ ወታደሩ በውጊያ መካከል የተሳሳተ ጥይት እንዳያጎርስ ሲባል በእጀታው ግራና ቀኝ ትልቅ «9» ጠልቆ ተቀርጾ በቀይ ቀለም ተሞላ። ዛሬ ሰብሳቢዎች «ቀዩ 9» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ማስጠንቀቂያ የነበረው ምልክት ከጊዜ በኋላ የዋጋ ምልክት ሆነ። የፕሩሲያ ትእዛዝ አካል ሆነው ሳለ «9» ያልተቀረጸባቸው እውነተኛ ሽጉጦች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ ባዶውን እንጨት ያየ ነጋዴ ቢላዋና ቀለም ለማንሣት ይፈተናልና። በዚህ ላይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እጅግ ያገለገሉ በርካታ ማውዘሮች ከቻይና ወደ አሜሪካ ገበያ ሲገቡ፣ የብዙዎቹ እንጨት ተበልቶና ተሰባብሮ ስለ ነበር አዲስ እጀታ ተሠርቶላቸዋል።

እንግዲያስ እጀታው ከሽጉጡ ጋር የተወለደ መሆኑ በምን ይታወቃል? የቸኮለ ሰው ቀለሙን ያያል። የለመደ ሰው ግን አስቀድሞ በእንጨቱ ላይ ያሉትን አግድም ቦዮች ይቆጥራል። ከጦርነቱ በፊት ለገበያ በወጡት ላይ ቦዮቹ በአብዛኛው ወደ 34 ሲደርሱ፣ በ«ቀዩ 9» ላይ 24 ያህል፣ በ1930 ዓይነት ላይ ደግሞ 12 ናቸው። ባለ 12 ቦይ እንጨት ላይ «9» ተቀርጾ ቢገኝ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ብረቱ ይጠየቃል። የፕሩሲያው ትእዛዝ ተራ ቁጥር እንደ አዲስ ከ1 የጀመረ ሲሆን፣ ማነጣጠሪያውም እስከ 500 ሜትር ብቻ የተከፈለ ነው፤ ለገበያ የሚሠራው በአብዛኛው እስከ 1,000 ይደርስ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ግን የእንጨቱ ጀርባ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ ገጹ ሲገለበጥ፣ በብዙዎቹ ላይ ከሽጉጡ ተራ ቁጥር ጋር የሚስማማ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሩ ባይኖር እንኳ፣ ለረጅም ዘመን አብሮት የኖረ ብረት ዘይቱንና የዝገቱን ጥላ በእንጨቱ ላይ አትሞ ይተዋል፤ ያ ጥላ ከፊት ለፊቱ ካለው የብረት ቅርጽ ጋር ሊገጥም ይገባዋል። በፊት ለፊትም ቢሆን የእጅ ልብሰት በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም። መዳፍ የሚያርፍበት ይለሰልሳል፤ የቦዮቹ ጫፍ ይዶለዱማል፤ በግርጌያቸው እድፍ ይጠራቀማል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ እንጨት ግን ሁሉም ስፍራው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠርዙም ከብረቱ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይታያል። ብረቱ ተልጦ እንጨቱ ብቻ እንደ አዲስ ካበራም ሁለቱ አብረው አላረጁም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የተተካ እጀታ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከ1918 በኋላ ብዙዎቹ ሽጉጦች ወደ መለዋወጫ ሥራ ገብተዋል፤ የአንዳንዶቹም አፈሙዝ በቬርሳይ ውል ምክንያት አጥሯል። እንጨቱ በጥይት ወይም በመውደቅ ተሰብሮበት ከዱር ዛፍ ጠርቦ የገጠመ ወታደርም የሽጉጡን ታሪክ ጨመረበት እንጂ አላጎደለበትም። ጥፋቱ ያልነበረውን ጦርነት ለማስመስከር ቁጥር የሚቀርጸው ሰው ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ በቤተ መዘክር መስኮት ውስጥ ሲቀመጥ ተማሪውም አስተማሪውም አብረው ይሳሳታሉና። ስለሆነም ለዕቃው የሚጻፈው መግለጫ የብረቱን ዘመንና የእንጨቱን ዘመን ለየብቻ ማስፈር ይኖርበታል። የተሰነጠቀ አሮጌ እጀታም ለመልክ ሲባል ቢነሣ፣ የሽጉጡ ተራ ቁጥር ተጽፎበት በዚያው መሳቢያ ከሽጉጡ ጎን መቀመጥ አለበት።