ከጋፋት እስከ ፖሊ፦ የተዘነጋው ቴክኒሺያን



አገር ቤት ከሚገኝ ከማንኛውም የብረት ወርክሾፕ ብትገቡ ከምትሰሟቸው ቃላት ብዙዎቹ ጣልያንኛ ናቸው። ማሽኑ ቶርኖ፣ ባለሙያው ቶርኒቶሬ፣ ብረቱን ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ፣ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ይባላል። ብሎንና ላሜራም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣልያን አዲስ አበባን የያዘው ለ5 ዓመት ብቻ ነበር (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941)። እኛ የምሕንድስና ኮሌጅ ከከፈትን ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖናል። ታዲያ ኮሌጁ ለእነዚህ መሣሪያዎች የራሳችንን ስም ያላወጣላቸው ለምንድን ነው? የሙያ ቃል የሚወለደው እጅ ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ያን ቦታ የሚይዘው ቴክኒሺያኑ ነው፤ እሱን ደግሞ በታሪካችን ደጋግመን ረስተነዋል።

ነገሩን ከጋፋት እንጀምረው። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያቋቋሙት ይህ የባለሙያዎች ሠፈር በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወሰው 7 ቶን ገደማ በሚመዝነው በሴባስቶፖል መድፍ ነው። በእኔ ግምት ግን ከመድፉ የሚበልጠው ቁም ነገር፣ አገሬው ወጣቶች ከአውሮፓውያኑ ሚስዮናውያን የእጅ ሙያ እንዲማሩ እዚያው መመደባቸው ነው። ንጉሡ የሚሹት መድፉን ብቻ ሳይሆን መድፍ ሠሪውንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩትም ባለሙያዎችና ማሽኖች ይዞ እንዲመለስ ነው። ነገር ግን በታሰሩት አውሮፓውያን ምክንያት የተነሣው ጠብ እየከረረ ሄደና ባለሙያዎቹ ከምጽዋ ተመለሱ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የጋፋት ትምህርትም አብሮ ቆመ፤ ተረክቦ የሚያስቀጥለው ተቋም አልነበረም።

ሁለተኛው እንቅፋት ከውጭ የመጣ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት እያሉ መስደብን ከለከሉ። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በዚያው ዘመን ድሬዳዋ (1902) ከዚያም አዲስ አበባ (1917) የደረሰው ባቡር የጥገና ወርክሾፕ ይዞ መጣ፤ በዚያ ወርክሾፕም ብዙ ወገኖቻችን ሙያን በእጃቸው ተማሩ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ መልክ እየያዘ ሄደ። ተግባረ ዕድ በ1942፣ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1952 ተከፈቱ። በ1963 ደግሞ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። ፖሊ (ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው) የተቋቋመበት ዓላማ ግልጽ ነበር፤ በእርሻ መሣሪያ፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በእንጨት ሥራና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ቴክኒሺያን ማፍራት። በመሐንዲሱና በሠራተኛው መካከል ያለውን ባዶ እርከን እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ ትምህርት ቤት ነበር።

የዚያን ትምህርት ፍሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ከ20 ዓመት በፊት በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ በአንድ ፋብሪካ ስቀጠር፣ ጥገናውን የሚመሩት የፖሊ ምሩቅ የሆኑ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ። ኩሽኔታው ቶሎ ቶሎ የሚበላበት አንድ ፓምፕ ነበር። ጋሼ አዲስ ኩሽኔታ ከማዘዛቸው በፊት መለኪያቸውን ከማያያዣው ላይ ሰክተው ዘንጉን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ በአንድ መስመር ላይ አልነበሩም። ከሞተሩ እግር ሥር ስስ ላሜራ አስገቡ፣ ብሎኖቹን በተራ አጠበቁ፣ ደግመው ለኩ። ፓምፑ ከዚያ በኋላ ጤና አገኘ። የጥፋቱን ቀመር እኔም ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚላላ ግን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ይህ ዕውቀት ከእኔው ጎን የሚቆም እንጂ ከእኔው በታች የሚቀመጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ ፖሊም ወደ ዲግሪ አደገና እ.ኤ.አ. በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ዕድገቱን የሚጠላ የለም፤ የለቀቀውን ቦታ ማን ያዘው ብሎ መጠየቅ ግን ይገባል። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ወደ ሙያ ትምህርት የሚላከው በአብዛኛው በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ ያላመጣው ተማሪ ሆነ። ፈተናው ዛሬ ቢቀርም ያሳደረው ስሜት አልቀረም። ምኒልክ በአዋጅ የከለከሉት ንቀት በነጥብ በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በ2008 መንግሥት 70 ከመቶ የሚሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ሲወስን መሐንዲሱ በዛ፤ ከጎኑ የሚቆመው ቴክኒሺያን ግን በዚያው ልክ ክብር አላገኘም። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር ለ6 ዓመት እንዲያስተዳድሩት ውል የተሰጣቸው የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ከጋፋት 150 ዓመት በኋላም ባለሙያ የምንጠብቀው ከባሕር ማዶ ነበር።

ጀርመን አገር አንድ ወጣት የኢንዱስትሪ መካኒክ ለመሆን 3 ዓመት ተኩል በፋብሪካና በሙያ ትምህርት ቤት እየተፈራረቀ ይማራል፤ መጨረሻ ላይ የሚፈትነው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ ነው። አሜሪካም ከመካከላችን ብዙዎች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የ2 ዓመት ቴክኒሺያንነት ተምረው ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ሆኖም አገር ቤት ላለ የወንድማችን ልጅ ስልክ ስንደውል «ዩኒቨርሲቲ ገባህ ወይ?» እንላለን እንጂ «ምን መሥራት ትችላለህ?» አንልም።

እንግዲህ ለአገራችን ትምህርት ቤቶች መጽሐፍና ኮምፒዩተር የምንልክ ሁሉ አንድ ቶርኖም እንጨምርበት፤ የእረፍት ጊዜያቸውን ሠውተው ሄደው የሚያስተምሩ ቴክኒሺያኖችንም ከፕሮፌሰሮቻችን እኩል እንጋብዝ። ለመሣሪያዎቹ አማርኛ ስም የሚያወጡላቸውም ያኔ እነሱው ይሆናሉ።

ቸር ይግጠመን።