የ1993ቱ መንጃ ፈቃድ

እንደተለመደው የምናገረው ከፔታሕ ቲክቫ፣ ከራማት ቬርበር ነው፤ ከወላጆቼ ቤት፣ በር ዘግቼ። ከጀርባ የሳል ድምፅ ከሰማችሁ አባቴ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ እሱ መሆኑን ስላወቀ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጆሮውን ጥሏል።

እጄ ላይ አንድ አሮጌ ደብተር አለ። ሽፋኑ ተላልጧል፤ ጠርዙ ላይ የሞተር ዘይት የነካው ጥቁር ምልክት አለ። ስከፍተው መጀመሪያ ፎቶ ነው፣ ፀጉሩ የጎፈረ ወጣት። ከዚያ በእጅ ጽሕፈት የተሞላ መረጃ ይመጣል። የትውልድ ዘመን 1957። መጀመሪያ የተሰጠበት 1979። ደረጃ፣ አምስተኛ። የሚያገለግለው እስከ ሰኔ 30 ቀን 1993። የአባቴ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው። ቁጥሮቹን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ጦርነት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ስምምነቶች እናነባለን። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ትንሽ ጥያቄ ነው፦ ሰው አገር ሲቀይር የሚያውቀው ነገር ምን ይሆናል? አብሮት ይሻገራል ወይስ ድንበር ላይ ይቀራል? ትልልቅ ሰነዶችን ሳገላብጥ ቆይቼ፣ መልሱ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ። መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ደህና መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ መኪና አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ምኒልክ ግን መኪናውን ተቀብለው ዝም አላሉም፤ የራሳቸው ሰው ሙያውን እንዲያውቅ ፈለጉ። ለዚህ ወደ ጀርመን የሄዱት ተሰማ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችን ነጋድራስ ተሰማን የምናውቃቸው በግጥምና በዜማቸው ነው፤ ጀርመን ሳሉ በሸክላ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ቅጂዎች ይቆጠራሉ። የሄዱበት ጉዳይ ግን መኪና መንዳትና መጠገን መማር ነበር። ተማሩ፣ ያወቁትን ይዘው አገራቸው ተመለሱ። በዚያ ዘመን ሙያ ማለት ራሱ ሰውየው ነበር።

መኪናው ሲበዛ ነገሩ ተለወጠ። መንግሥታት «ይህ ሰው መንዳት ያውቃል» የሚል ወረቀት መስጠት ጀመሩ። ልብ በሉ፣ ያ ወረቀት የሚናገረው ስለ ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ያ መንግሥት ፈትኜዋለሁ፣ አምኜዋለሁ እያለ ነው። አገር የራሱን ሹፌር ካመነ ደግሞ ከልቡ ያምነዋል። ለምሳሌ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1964 ማለት ነው፣ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ ነጂነት ተሻገረች። እስቲ አስቡት፦ ዕድሜ ልኩን በግራ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ማታ በግራ ገብቶ ጠዋት በቀኝ ይወጣል። እጁ፣ ዓይኑ፣ ልማዱ ሁሉ ተገለበጠ። ግን የአገሩ ሹፌር ነውና ይለምደዋል ተባለ።

የሌላ አገር ሹፌር ሲሆንስ? ለዚህ ዓለም ስምምነቶች አዘጋጅቷል፤ የፓሪሱ በ1926፣ የጄኔቫው በ1949፣ የቪየናው በ1968፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.። እስራኤልም የቪየናው ስምምነት አባል ናት። ይህን ስምምነት ለክፍል ሥራ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። አገሮች እርስ በእርስ መንጃ ፈቃድ ይቀባበላሉ ይላል፤ ጎብኚ መጥቶ በአገሩ ፈቃድ መንዳት ይችላል። ነገር ግን ሰውየው መኖሪያውን ወደ አዲሱ አገር ካዛወረ፣ አገሩ የድሮውን ፈቃድ የመቀበል ግዴታ የለበትም። አያችሁ አይደል? ለሁለት ሳምንት ከመጣህ ትታመናለህ። ልትኖር ከመጣህ ግን ትፈተናለህ። አያቴ «እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ በነጋታው ብር፣ ሲሰነብት መዳብ» ትላለች። ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች አያቴን የሚያውቋት ነው የሚመስለው።

በእርግጥ ምክንያት አለው። ምልክቱ፣ ሕጉ፣ መንገዱ ይለያያል፤ ነዋሪ የሆነ ሰው የሚነዳው ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ነው። ይገባኛል። ጥያቄዬ ፈተናው ለምን ኖረ የሚል አይደለም። ጥያቄዬ፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ምን ያነባል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። «ደረጃ አምስተኛ» የሚለውን እዚህ የተወለዳችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። በድሮው የኢትዮጵያ አሠራር መንጃ ፈቃድ በደረጃ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬ ደረቅ፣ ፈሳሽ፣ ሕዝብ እያሉ በተሽከርካሪው ዓይነት የሚለዩት ከ600/2000 አዋጅ ወዲህ ነው። አምስተኛ ያለው ሰው ተሳቢ ይነዳል። ሠርግ ላይ እንኳ «ሙሽራው አምስተኛ አለው» ይባል ነበር፣ እናቴ ናት የነገረችኝ። አባቴ ጎንደር ላይ በረዳትነት ጀምሮ፣ ጎማ ፈትቶ፣ ጭነት አስሮ፣ ከዓመታት በኋላ ነው እዚያ የደረሰው። የነዳው ፊያት ኤንትሬ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደው ሊማሊሞ። ጣሊያኖች ገደሉን ፈልፍለው የሠሩት፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ሰማይ ያለበት መንገድ።

ወላጆቼ እስራኤል የገቡት እ.ኤ.አ. በ2000 ግንቦት ላይ ነው። መጀመሪያ መርካዝ ክሊጣ፣ ከዚያ ኡልፓን። አዲስ ገቢ በውጭ አገር መንጃ ፈቃዱ አንድ ዓመት መንዳት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለመንዳት ደግሞ መለወጥ አለበት። አባቴም ቶፈስ ያሮክ የሚሉትን አረንጓዴ ቅጽ አወጣ፣ ዓይኑን ተመረመረ፣ ደብተሩን አስተረጎመ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሄዶ መስኮት ፊት ቆመ።

የትኛው መስኮት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዋም ክፉ አልነበረችም፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ ነበረ። የሆነው ይህ ነው። ተርጓሚው ቃላቱን ሁሉ በትክክል ወደ ዕብራይስጥ መልሷል። ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ ተዋቸው። ቁጥር አይተረጎምም ብሎ ይሆናል። ስለዚህ ሴትዮዋ መታወቂያው ላይ 1965 አነበበች፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ 1957። ይህ የሌላ ሰው ነው እንዴ? ከዚያ ወደ ታች ወረደች፣ እስከ 1993 ያገለግላል ይላል። ጊዜው 2000። «ይህ ካለፈበት ሰባት ዓመቱ ነው» አለችው።

እናንተ ወዲያው ገብቷችኋል። 1993 የኛ ነው፣ በነሱ 2001። ያ ደብተር ሰባት ዓመት አላለፈበትም፤ ሰባት ወር ይቀረው ነበር። አባቴ ግን ይህን የሚያስረዳበት ዕብራይስጥ አልነበረውም። «ሎ፣ ሎ» አለ። በጣቱ ቆጠረ። በመጨረሻ ወረቀቱን መለሰችለት፣ እሱም ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ። ሁለተኛ አልተመለሰም።

ለምን አልተመለስክም? ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «ሥራ ነበረኝ» ይላል። እናቴ ግን ሌላ ነው የምትለው። «የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ የመጣ አስመሰሉት፤ እሱ ነው ያልተዋጠለት» ትላለች። ዓመታቱ አለፉ፣ ደብተሩም በኛም በነሱም አቆጣጠር ጊዜው አበቃ።

አሥራ ስምንት ዓመት አባቴ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪና ጫነ። ጫነ ነው ያልኩት፣ ነዳ አላልኩም። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሹፌር ተሳቢውን ወደ መጫኛው ወደ ኋላ ማስገባት አቃተው፤ ሦስት ጊዜ ሞከረ። አባቴ ሣጥኑን አስቀምጦ ወረደ፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ በእጁ መራው፤ መሪውን ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ፣ አሁን ወደ ቀኝ። ገባ። ልጁ ከመኪናው ወርዶ «አንተ ይህን ከየት ታውቃለህ?» አለው። አባቴ ሣቀና ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

በ2018 ከዜሮ ጀምሮ አዲስ ሪሻዮን አወጣ። ቴኦሪያ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ጀማሪ ቢያንስ 28 ትምህርት፣ ከዚያ ቴስት። አስተማሪው ከእሱ በሃያ ዓመት ያንስ ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ላይ መኪናውን ዳር አስይዞት «እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ነድተሃል» አለው። በመጀመሪያው ቴስት አለፈ። ዕድሜው 53 ነበር። ፈቃዱ የግል መኪና ብቻ ነው፤ የተሰጠበት ዓመት፣ 2018።

ያቺ ቁጥር ደግሞ እኔ ላይ መጣች። በ2019 እኔም ፈቃድ አወጣሁ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፦ አዲስ ወጣት ነጂ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንም ማታም፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ማታ ማታ፣ አጠገቡ መላቬ መቀመጥ አለበት። መላቬ ለመሆን ዕድሜው 24 ሞልቶ አምስት ዓመት ፈቃድ የያዘ፣ ወይም 30 ሞልቶ ሦስት ዓመት የያዘ መሆን አለበት። አባቴ የአንድ ዓመት ነጂ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን 26 ዓመቱ ነው፣ ፈቃዱ ስምንት ዓመት። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ስልኩን እያየ። ሊማሊሞን በተሳቢ የወረደው ሰው ከኋላ።

ከኢየሩሳሌም ስንመለስ የካስቴልን ቁልቁለት ስጀምር እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር። ከኋላ ቀስ ያለ ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ ፍሬን አታቃጥዪ። በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።»

«አባ፣ ይሄኛው አውቶማቲክ ነው፣ ማርሽ የለውም» አልኩት።

«አለው፣ ደብቀውት ነው» አለ።

እውነቱን ነው፤ አለ። አሳየኝ፣ ማርሹን ቀነስኩ፣ መኪናዋ ራሷን ያዘች። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ ነው ከስልኩ ቀና ያለው።

ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ዛሬ ከመምጣቱ በፊት ቢያንስ አምስት ዓመት መንጃ ፈቃድ የነበረው አዲስ ገቢ ያለ ተግባር ፈተና መለወጥ የሚችልበት መንገድ አለ። ግን አስተውሉ፣ አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ወረቀቱ ላይ ካለው ቀን ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ዘመድ ካላችሁ፣ ደብተሩን ቁጭ ብላችሁ አብራችሁት አንብቡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለ ቀን ከሆነ ሰባት ዓመት ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት። ተርጓሚው የሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍ ጠይቁት፤ የትውልድ ቀኑንም ጭምር። ከተቻለም ዕብራይስጥ የሚችል ሰው አብሯቸው ይቁም። ያን ቀን አባቴ አጠገብ ዕብራይስጥ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ጉዳዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር።

እናንተም በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ፣ የመንጃ ፈቃድ ይሁን የነርስ ወይም የአስተማሪ፣ ታሪኩን ላኩልኝ፤ በሌላ ዝግጅት አነበዋለሁ። አሁን ደብተሩን ልመልስ፤ አባቴ በር ላይ ቆሟል፣ «ጨርሰሽ ከሆነ ቁልፉን ስጪኝ» እያለኝ ነው። ደህና ሰንብቱ።