የመድኃኒት መንገድ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የቀደመው ፈውስ ከደጅ የሚለቀም እንጂ ከሩቅ የሚጫን አልነበረም፤ በጉና ተራራ ዙሪያ ካለው ደጋ የኮሶው አበባ ተሰብስቦና ደርቆ፣ ተወቅጦም በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ፣ ሕመምተኛው ማልዶ በባዶ ሆዱ ይጠጣው ነበርና። ዘመናዊው ሕክምና በገባ ጊዜ ግን ኪኒኑ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ስለሆነ፣ የድውዩ ዕድል በመንገድና በወቅት እጅ ወደቀ።

በ1945 ዓ.ም. ወባ በደንቢያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀች በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተመሥርቶ ባለሙያዎችን ለገጠር ማሠልጠን ጀመረ። ዳሩ ግን ወባ የምትበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነውና፣ መድኃኒቱ ወንዞች ሳይሞሉ፣ ጭቃውም መንገዱን ሳይዘጋ፣ ገና በግንቦት ወደ ስማዳዋ ወገዳና ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ ግምጃ ቤት መግባት ይገባዋል፤ ይህን አስቀድሞ የሚያሰላው የግምጃ ቤት ሹም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሐኪሙ ያላነሰ ነፍስ አዳኝ ነው።

የወረታ ወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ በኩል ሲዘረጋ የላይ ጋይንት ሸክም ቀለለ፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ለሚወርደው የስማዳ ቆላ ግን ድካሙ አልቀረም። በ1999 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ጤና ጣቢያዎች የቀረውንና የጎደለውን ቆጥረው በየሁለት ወሩ እንዲጠይቁ ሥርዓት ተበጀ።