አርዲቦና ሎጎ ሐይቅ፤ በወንዝ አፍ የተጻፈ የምድር ታሪክ

ወንዝ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት ስፍራ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ከፍ ያለ ግምት ይሰጠዋል። ምክንያቱም በዚያ የወንዙ ኃይል ይደክማል፤ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያራግፋል፤ በተራገፈው ደለል ላይ ሣርና ሸንበቆ ይበቅላል፤ በሸንበቆውም መካከል ዓሣ ይራባል፥ ወፍም ይሰፍራል። የኢትዮጵያ ደጋ ከባሕር የራቀ ስለ ሆነ የወንዝ ውሃ ከጨው ውሃ ጋር የሚቀላቀልበት እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። ነገር ግን ወንዝ ወደ ሐይቅ በሚገባበት ስፍራ፥ ከጨዉ በቀር፥ ይኸው ሥራ ይፈጸማል።

የዚህም ምሳሌ በደቡብ ወሎ ይገኛል። አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተኛ ሐይቅ ነው። ከእርሱ ሞልቶ የሚወጣው ውሃ አንከርካ በሚባለው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ፥ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ሎጎ ሐይቅ በደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ይገባል። ሎጎ ሐይቅ 88 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ውሃውን የሚያስወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከተራሮቹ ታጥቦ የደረሰው አፈር በዚያው ይቀራል።

የአገሩ ሰው ስለ ሎጎ ሐይቅ አፈጣጠር ሲተርክ፥ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እርሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረ ጽፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ግን ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። ተረቱ ውሃው ምድርን እንደ ዋጠ ይናገራል፤ የዛሬው የቦታው መልክ ግን ውሃው እንደ ሸሸ ያሳያል።

የሐይቆቹ የቆየ ታሪክ በወለላቸው ተቀምጧል። ኢያን ዳርቢሻየር፥ ሄንሪ ላምና መሐመድ ኡመር ከሁለቱ ሐይቆች ወለል በተወሰደው ደለል ውስጥ የሚገኘውን የአበባ ብናኝና የከሰል ፍርፋሪ መርምረው የ3000 ዓመት ታሪክ በ2003 አሳተሙ። እንደ እነርሱ ምርመራ የአገሩ የጥንት ልብስ የዝግባና የጥድ ደን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ይህ ደን ተመነጠረ፤ በስፍራውም ክትክታና ሣር ገብቶ 1800 ዓመት ያህል ቆየ፤ የሚታጠበውም አፈር በዛ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ግን ጥድ ከወይራ ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ባለፉት 300 ዓመታት ውስጥ ደኑ እንደ ገና ተጨፈጨፈ፤ የአፈሩም መታጠብ በረታ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ የኢትዮጵያ ደጋ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በደን ተሸፍኖ ኖሮ በ20ኛው መቶ ዓመት ብቻ ተራቆተ የሚለው የተለመደ አነጋገር ለዚህ አገር አይስማማም። ሁለተኛ፥ የደኑ መመለስ ከ1529 እስከ 1543 ከተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ ስለ ጀመረ፥ ሰው በጦርነት ስላለቀ ዱር በቀለ ብሎ መፍረድ አይቻልም። ጦርነቱ ዕድገቱን አግዞ ሊሆን ይችላል፤ መነሻው ግን ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ በሐይቅ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ሁሉ ከተራራ የሚወርድ አይደለም። ባክስተርና ጎሎቢትሽ በ1970 ስለ ሎጎ ሐይቅ ጥናት ባሳተሙ ጊዜ ውሃው ጥሩ ነበረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው ግን በ1992 ባሳተሙት ጥናት ውሃው በደቃቅ አረንጓዴ ዕፀዋት ደፍርሶ እንዳገኙት ገለጡ፤ ዓሣው እነዚህን ዕፀዋት የሚመገቡትን ደቃቅ እንስሳት ስለ በላ ሊሆን እንደሚችልም አመለከቱ። ለሰው ምግብ ታስቦ የተደረገ መልካም ሥራ የውሃውን ሥርዓት እንዲህ ሊያናጋ ይችላል።

ከአርዲቦ የሚወርደው ውሃ ለመስኖም ይጠለፋል። ለገበሬው የዕለት እንጀራው ነውና ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንከርካ በሳሳ መጠን የታችኛው ሐይቅ ይጎድላል፤ በወንዙ አፍ ያለው ሸንበቆና ፊላ ታጭዶ ወይም ቦታው ታርሶ ከጠፋም ደለሉን የሚያጣራው ወንፊት ይታጣል፥ ዓሣውም የሚራባበትን ዳርቻ ያጣል። ደኑ ከ1800 ዓመት በኋላ መመለሱ የምድሩን ትዕግሥት ያስረዳል፤ በሐይቁ ወለል የተኛው አፈር ግን ወደ ተራራው አልተመለሰም። ስለዚህ አርዲቦን፥ አንከርካንና ሎጎ ሐይቅን ለየብቻቸው ሳይሆን ከተራሮቹ ጋር እንደ አንድ አካል መመልከትና መጠበቅ ይገባል።