የገና በዓል የምግብ ግብይት፦ የወጪ ዕቅድ፣ የግዢ ጊዜና የሸማቹ መብት

የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የልደትን በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ያከብራሉ። በዓሉ ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የሚፈታበት ዕለት ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት ለሳምንታት ከማዕዱ የራቀበት ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ማለዳ ወደ እነዚህ ምግቦች ይመለሳል። የገና ግብይት ከዘወትሩ የሚለየውም፣ በቤተሰብ በጀት ላይ የሚያሳድረው ጫናም በዋነኛነት ከዚሁ የመነጨ ነው። ይህ ጽሑፍ በበዓል ሰሞን ዋጋ የሚጨምርባቸውን ምክንያቶች፣ ወጪን አስቀድሞ የማቀድ ዘዴን፣ የግዢ ጊዜ አመራረጥንና ሸማቹ በሕግ የተጠበቁለትን መብቶች ይዘረዝራል።

ዋጋ በበዓል ዋዜማ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

ቀዳሚው ምክንያት ፍላጎት በጥቂት ቀናት ውስጥ መከማቸቱ ነው። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና የእርድ ከብት በጾሙ ወቅት የሚፈልጋቸው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን ሁሉም በአንድነት ይፈልጋቸዋል። አርቢው የሚያቀርበው የዶሮና የከብት ቁጥር በቀናት ውስጥ ሊጨምር ስለማይችል ልዩነቱ በዋጋ ላይ ይገለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የአቅርቦት ሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ከገጠር ገበያ የተነሣ ዶሮ ወይም ቅቤ ከተማ እስኪደርስ በሰብሳቢ፣ በአጓጓዥ፣ በጅምላ ነጋዴና በቸርቻሪ እጅ ያልፋል። በእያንዳንዱ እርከን የማጓጓዣ ወጪና የትርፍ ድርሻ ይታከልበታል።

ሦስተኛው ምክንያት የገንዘብ አመጣጥ ነው። የብዙ ደመወዝተኞች የታኅሣሥ ክፍያ የሚደርሰው በወሩ መገባደጃ በመሆኑ ገንዘቡና በዓሉ በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ። ሸማቹ በተመሳሳይ ቀን በተመሳሳይ ገበያ ሲሰለፍ የመደራደር አቅሙ ይዳከማል።

በአንጻሩ ወቅቱ አንድ መልካም ጎን አለው። ገና የሚውለው የመኸር ሰብል በሚታጨድበትና በሚወቃበት ጊዜ አካባቢ ስለሆነ አዲስ ጤፍና ሌሎች እህሎች ወደ ገበያ መግባት የሚጀምሩበት ወቅት ነው። የእህል ግዢን ከዶሮና ከቅቤ ግዢ ለይቶ ማቀድ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

የታኅሣሥ ደመወዝ የሚሸከማቸው ወጪዎች

የገናን ወጪ ብቻውን ነጥሎ ማስላት ብዙ ቤተሰቦችን በጥር ወር አጋማሽ ለብድር ይዳርጋል። ከገና 12 ቀን በኋላ ጥር 11 የጥምቀት በዓል ይከተላል፤ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው። ቀጣዩ ደመወዝ የሚደርሰው በጥር ማብቂያ በመሆኑ አንድ ክፍያ ሁለት ታላላቅ በዓላትንና የሙሉ ወር ቀለብን ይሸከማል ማለት ነው።

ስለዚህ ስሌቱ ከዶሮ ሳይሆን ከማይቀሩ ወጪዎች መጀመር ይኖርበታል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የትራንስፖርት፣ የመብራትና የውኃ እንዲሁም የጥር ወር የዘወትር ቀለብ አስቀድመው ይቀነሳሉ። ለምሳሌ የወር ገቢው 15,000 ብር የሆነ ቤተሰብ ለማይቀሩ ወጪዎች 12,000 ብር የሚያስፈልገው ከሆነ ለሁለቱ በዓላት የሚቀረው 3,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 1,000 ብር ለጥምቀት ቢለይ የገና ጣሪያ 2,000 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ጣሪያው ከታወቀ በኋላ ምን እንደሚቀነስ የሚወሰነው በቤት ውስጥ፣ በቤተሰቡ ምክክር ነው። አንድ ዶሮ ከጎረቤት ጋር በጋራ መግዛት፣ በዶሮ ፋንታ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ግራም ሥጋ ወስዶ ወጥ መሥራት፣ የቅቤውን መጠን በግማሽ መቀነስ ወይም ከጠጅ ይልቅ ጠላ ብቻ ማዘጋጀት በዓሉን የማያጎድሉ አማራጮች ናቸው። ይህ ውሳኔ ለገበያው ግፊያ ሲተው ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የጥር ቀለብ ነው።

ወጪውን ለመሸፈን በአራጣ መበደር በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ የአንድ ቀን ማዕድ የወራት ዕዳ እንዲሆን ያደርጋል። ከዚህ ይልቅ የሚመረጠው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም የበዓል ዕቁብ ነው። በጉራጌ ሴቶች ዘንድ የቆየው የቅቤ ማጠራቀሚያ ማኅበር፣ ውጆ፣ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ጥሩ አብነት ነው።

የመጠን ስሌት

የግዢ ዝርዝር ሲዘጋጅ መነሻው የተመጋቢው ቁጥርና የማዕዱ ብዛት ነው። በበዓሉ ዕለት የሚገኙ የቤተሰብ አባላትና የሚጠበቁ እንግዶች ተቆጥረው ስንት ጊዜ እንደሚመገቡ ይታሰባል።

በተለመደው አሠራር አንድ ዶሮ በ12 ብልት ይከፈላል፤ ከብልቱ ጋር የሚመጣጠን 12 እንቁላልም ይታከልበታል። ለአንድ ዶሮ ወጥ እንደ ባለሙያዋ አሠራር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ቀይ ሽንኩርት ይገባል። በመሆኑም ሁለተኛ ዶሮ መጨመር ማለት የአንድ ዶሮ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ በርበሬ፣ ቅቤና ማገዶ ወይም መብራት ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ትክክለኛ ወጪ የሚታወቀው እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ነው።

ዝርዝሩ ከመጠናቀቁ በፊት በቤት ያለው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመም፣ ዘይትና ዱቄት መመዘን ወይም መለካት አለበት። ያለውን ዕቃ ደግሞ መግዛት በበዓል ሰሞን በብዛት የሚታይ ብክነት ነው።

የግዢ ጊዜ ሰሌዳ

ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቀን መግዛት አስፈላጊ አይደለም። ዕቃዎች በመቆየት አቅማቸውና በዝግጅታቸው ርዝመት ተከፍለው ሊገዙ ይችላሉ።

• ከበዓሉ 3 እስከ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ፦ ጤፍ፣ የዳቦ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ቅመማ ቅመም፣ ጌሾ፣ ብቅልና ማር። በርበሬ ለመቀንጠስ፣ ለማድረቅና ለማስፈጨት፣ ጠላና ጠጅ ደግሞ ለመጥመቅና ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋሉ።

• ከበዓሉ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ፦ ቅቤ። የጾሙ ወቅት ሳያበቃ የተገዛ ቅቤ በቅመም ተነጥሮ፣ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ሲቀመጥ እስከ በዓሉ ሳይበላሽ ይደርሳል።

• ከበዓሉ 1 ሳምንት ቀደም ብሎ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና እንቁላል። ሽንኩርት አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ በታሰረ ላስቲክ ውስጥ ግን ይሻግታል።

• ከበዓሉ 3 እስከ 4 ቀን ቀደም ብሎ፦ የእንጀራ ሊጥ ይቦካል። በቂ ቦታና መኖ ያለው ቤተሰብ ዶሮውን በቁሙ በዚህ ጊዜ ቢገዛ ከዋዜማው ግርግር ያመልጣል።

• በዋዜማው፦ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ ቃሪያና ለድፎ ዳቦ የሚሆን የኮባ ቅጠል።

የቅርጫ አሠራርና ስሌቱ

ቅርጫ ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች በሬ በጋራ ገዝተውና አርደው ሥጋውን በእኩል መደብ የሚከፋፈሉበት ነባር ልማድ ነው። አዋጭነቱ የሚለካው ግን በበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ በሬው በ96,000 ብር ቢገዛና ለማጓጓዣ፣ ለመኖና ለአራጅ 4,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላው 100,000 ብር ይሆናል። ለ10 መደብ ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 10,000 ብር ነው። ከእርዱ 160 ኪሎ ግራም ሥጋ ከነአጥንቱ ቢገኝ ለአንድ መደብ 16 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ደግሞ 625 ብር ይወጣል ማለት ነው። እነዚህም ቁጥሮች ለስሌት ምሳሌነት ብቻ የቀረቡ ናቸው። የተገኘው ውጤት በአካባቢው ልኳንዳ ቤት ከሚጠየቀው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር፣ ልኳንዳው ሥጋውን ከአጥንት ለይቶ የሚሸጥ መሆን አለመሆኑ መታሰብ አለበት። ቆዳው ከተሸጠ ገቢው ከጠቅላላ ወጪው ይቀነሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የማከማቻ አቅም ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ወይም መብራት በተደጋጋሚ የሚቋረጥበት አነስተኛ ቤተሰብ 16 ኪሎ ግራም ሥጋ ሳይበላሽ ሊጠቀምበት ይቸገራል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ግማሽ መደብ መግባት ወይም የተረፈውን በጊዜው ቋንጣ ማድረግ የተሻለ ነው።

የታመመ ወይም የሞተ ከብት ማረድና መከፋፈል አባ ሰንጋን ለመሰሉ አደገኛ በሽታዎች ያጋልጣል። በመሆኑም እርዱ የእንስሳት ሐኪም ምርመራ በሚደረግበት ቄራ እንዲከናወን ይመከራል። ጥሬ ሥጋ ለኮሶ ትል እንደሚያጋልጥም መዘንጋት አይገባም፤ ሥጋን በሚገባ አብስሎ መመገብ ዋነኛው መከላከያ ነው።

ዋጋን ማነጻጸር

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእሑድ ገበያዎች አምራቹንና ሸማቹን በማቀራረብ በመካከል የሚታከለውን ወጪ ለመቀነስ የሚያግዙ የግብይት አማራጮች ናቸው። ሆኖም ርካሽ ዋጋ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የሚያዋጣው የትራንስፖርቱ ወጪ ተደምሮም ቅናሽ ሲኖረው ነው። ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር ተቧድኖ በብዛት መግዛትና ማጓጓዣውን መጋራት ይህን ችግር ያቃልላል።

የታሸጉ ዕቃዎች የሚነጻጸሩት በጥቅሉ ዋጋ ሳይሆን በመለኪያው ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት 1,500 ብር፣ ባለ 3 ሊትር ደግሞ 960 ብር ቢሆን የመጀመሪያው በሊትር 300 ብር፣ ሁለተኛው 320 ብር ያወጣል። ትልቁ ጥቅል ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት ስላልሆነ በየጊዜው ማስላት ይጠቅማል።

ጥራትን መለየት

• የቁም ዶሮ፦ ዐይኑ የጠራ፣ ኩክኒው ቀላ ያለ፣ ላባው ያልተንጨፈረረ፣ ከአፍንጫውና ከአፉ ፈሳሽ የማይወጣ ሊሆን ይገባል።

• እንቁላል፦ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚሰጥም ትኩስ ነው፤ የሚንሳፈፍ የቆየ ነው።

• ቅቤ፣ ማርና በርበሬ፦ በበዓል ሰሞን ባዕድ ነገር ሊቀላቀልባቸው ስለሚችል ከሚታወቅና ቋሚ ቦታ ካለው ሻጭ መግዛት ይመረጣል። ከመደበኛው ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ የቀረበ ምርት ጥርጣሬን ሊያስነሣ ይገባል። በርበሬ ከተፈጨው ይልቅ ዛላውን ገዝቶ ማስፈጨት የበለጠ ዋስትና ይሰጣል።

• የታሸጉ ምግቦች፦ በብዙዎቹ ላይ የሚታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 ነው። ዓመቱን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር ማምታታት ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ገና ብዙ የሚቆይ ያስመስለዋል።

• ሚዛን፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየትና የዕቃ መያዣው ክብደት እንዲቀነስ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሸማቹ መብትና የአቤቱታ አቀራረብ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴው የዕቃዎቹን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር ደባልቆ መሸጥ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ሚዛን ማዛባትና አንድን ዕቃ ለመግዛት ሌላ ያልተፈለገ ዕቃ አብሮ እንዲገዛ ማስገደድ የተከለከሉ ተግባራት ናቸው።

የዶሮ፣ የቅቤና የእርድ ከብት ዋጋ በገበያ ድርድር የሚወሰን በመሆኑ የዋጋው መወደድ ብቻውን ጥፋት ሆኖ አይቆጠርም። ምርትን ሆን ብሎ ከገበያ ሰውሮ ማከማቸት፣ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ መጠየቅ ወይም በሐሰተኛ ሚዛን መሸጥ ግን አቤቱታ የሚቀርብባቸው ጥፋቶች ናቸው።

አቤቱታ የሚያቀርብ ሸማች ደረሰኙን፣ የተገዛውን ዕቃ ከነማሸጊያው፣ የሱቁን አድራሻና የተገዛበትን ቀን ይዞ በአካባቢው ወደሚገኘው የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላል። ደረሰኝ ያልያዘ ሸማች ጉዳዩን ለማስረዳት ስለሚቸገር በግርግር ሰዓትም ቢሆን ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቅ መውጣት አይመከርም።

ከበዓሉ በኋላ

በገና ማግስት ወጪው በዝርዝር ቢጻፍ፣ ምን እንደተረፈና ምን እንዳነሰ ቢመዘገብ፣ ለጥምቀት፣ ቀጥሎም ለፋሲካ ግብይት አስተማማኝ መነሻ ይሆናል። ፋሲካም እንደ ገና ከረጅም ጾም በኋላ የሚመጣ በመሆኑ የዋጋው አካሄድ ተመሳሳይ ነው። በገና የተያዘው መዝገብ የፋሲካን ወጪ ከወራት በፊት ለማወቅና በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለማስቀመጥ ያስችላል።