ሻርል ሙንሽ፤ ከቫዮሊን መቺነት ወደ ኦርኬስትራ መሪነት



መቶ ያህል ሙዚቀኞች በአንድነት ሲጫወቱ፥ ከፊታቸው ቆሞ ቀጭን በትር የሚያንቀሳቅሰው ሰው ራሱ አንዲትም ድምፅ አያሰማም። ስለዚህም «ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይታጣም። ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሻርል ሙንሽ መልሱን ከማንም አስቀድሞ የተማረው በወንበር ላይ ሆኖ ነው፤ እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ በሌሎች መሪዎች በትር ሥር ቫዮሊን ሲመታ ኖሯልና። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙንሽ የተወለደው በሴፕቴምበር 26 ቀን 1891 በስትራስቡርግ ከተማ ነው። ከተማይቱ የምትገኝበት የአልሳስ ግዛት በ1871 ከፈረንሳይ ተወስዶ በጀርመን እጅ ስለ ነበረ፥ ሕፃኑ የጀርመን ዜጋ ሆኖ ተመዘገበ። ቤተሰቡ በሙዚቃ የታወቀ ነበር። አባቱ ኤርነስት የኦርጋን ሊቅና የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ሲሆን፥ አጎቱ ኦይገን ደግሞ በኋላ በጋቦን በሕክምና ሥራው ስሙ የገነነውን አልበርት ሽቫይትዘርን ኦርጋን ያስተማረ ነው። ወጣቱ ሻርል ግን ቫዮሊንን መርጦ በፓሪስ ከሉሲየን ካፔ ዘንድ፥ በበርሊን ከካርል ፍሌሽ ዘንድ ተማረ።

በ1914 የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በጀርመን ሠራዊት ውስጥ በመድፈኛነት እንዲዘምት ተገደደ። በፔሮን የመርዝ ጋዝ አገኘው፤ በቬርደን ቆሰለ። የተኰሰውም በኋላ ዜጋዋ በሚሆንላትና በሚያከብራት በፈረንሳይ ወታደሮች ላይ ነበረ። ጦርነቱ አብቅቶ አልሳስ ወደ ፈረንሳይ በተመለሰች ጊዜ እርሱም ፈረንሳዊ ሆነ፤ በስትራስቡርግም የቫዮሊን መምህር ሆኖ ሠራ።

በ1926 ወደ ላይፕሲግ ሄዶ በስመ ጥሩው የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ የቫዮሊኖች ሁሉ አለቃ ሆነ። ይህ ሹመት እንዲህ በቀላል የሚታይ አይደለም። የቫዮሊን አለቃ ከመሪው በስተግራ በኩል በመጀመሪያው ወንበር ይቀመጣል፤ ደጋኑ መቼ ወደ ላይ፥ መቼ ወደ ታች እንዲሳብ የሚወስነው እርሱ ነው፤ መሪው በእጁ ያመለከተውን ሐሳብ ወደ ድምፅ የሚለውጠውም በመጀመሪያ እርሱ ነው። ሙንሽ በዚህ ወንበር ሆኖ በፉርትቬንግለርና በብሩኖ ቫልተር ሥር ሲሠራ፥ አንድ የእጅ ምልክት ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ ቀርቦ ተመለከተ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ይገኛል ብለን አናምንም።

ነገር ግን በሥራው ለመቆየት የጀርመን ዜግነትን እንደ ገና መቀበል ነበረበት። ይህን አልፈለገም። የተከበረውንና ደመወዙ የማይጓደለውን ሹመት ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። በኖቬምበር 1 ቀን 1932፥ በ41 ዓመቱ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ በትር ይዞ ቆመ። ኦርኬስትራውን የተከራየው እጮኛው ዤንቪየቭ ሞሪ ባደረገችለት እርዳታ ነው፤ እርስዋም ከኔስሌ ኩባንያ መሥራቾች የአንዱ የልጅ ልጅ ነበረች። ሀብታም እጮኛ ባታጋጥመው ኖሮ ዓለም ምናልባት አንድ ጥሩ የቫዮሊን መምህር ብቻ ያገኝ ነበር።

ሥራው ተወደደለት፤ በ1938ም በ1828 የተቋቋመውን የፓሪስ ኮንሰርቫቷር ማኅበር ኦርኬስትራ እንዲመራ ተመረጠ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ጀርመኖች ፓሪስን ያዙ። መሸሽ ይሻል ወይስ መቆየት? ሙንሽ ቆየ። ሆኖም በዘመኑ የነበሩትን የጀርመን ደራስያን ሥራዎች ለመምራት እምቢ አለ፤ የኦርኬስትራውን አባሎች ከጌስታፖ እጅ ለማዳን ጣረ፤ ለውስጥ አርበኞችም ከገንዘቡ ይረዳ ነበር። ጀርመንኛን ከአፍ መፍቻነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፥ የላይፕሲግም አለቃ የነበረ ሰው ከወራሪው ዘንድ ሞገስ ለማግኘት ምንም ያህል አይቸግረውም ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በ1945 የሌዥዮን ዶነር ኒሻን የሸለመው ይህን ሁሉ አይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመኑ የዝና ዘመን ስለ ሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1949 ኩሴቪትስኪን ተክቶ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ሆነ። ኩሴቪትስኪ ሙዚቀኞቹን ለ25 ዓመት በብርቱ ሥርዓት ይዟቸው ነበር፤ ሙንሽ ግን ልምምድ ማብዛት አይወድም፤ በልምምድ ጊዜ ያልነበረ ፍጥነት ማታ በመድረክ ላይ ይመጣበት ነበር። አንዳንድ ነቃፊዎች ጥንቃቄ ጐደለው አሉት። በእርግጥም አንዳንድ ጊዜ ሕብሩ ይላላ ነበር፤ ነገር ግን የቤርልዮዝን ሥራ በርሱ መሪነት በሸክላ የሰማ ሰው ጉድለቱን ለማስታወስ ጊዜ አያገኝም። በ1956 ኦርኬስትራውን ይዞ ወደ ሞስኮና ወደ ሌኒንግራድ ሄደ፤ ከአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት በመዝለቅ የቦስተኑ የመጀመሪያው ነበረ። በ1962 ከሥራው ተሰናበተ።

ይሁን እንጂ የፈረንሳይ መንግሥት የቀድሞውን የኮንሰርቫቷር ማኅበር ወደ አዲስ የፓሪስ ኦርኬስትራ ሲለውጥ፥ በ76 ዓመቱ መሪነቱን እንዲይዝ ጠራው። የመጀመሪያው ትርኢት በኖቬምበር 14 ቀን 1967 ተደረገ፤ የቤርልዮዝ «ሲምፎኒ ፋንታስቲክ» ተጫወቱ። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱን ኦርኬስትራ ይዞ በአሜሪካ ሲዘዋወር፥ በኖቬምበር 6 ቀን 1968 በቨርጂንያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ዐረፈ።