ወንጌል በአራስ ቤት

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የክርስትና ታሪክ ሲጻፍ የሚቆጠሩት ንጉሥ፣ ራስና ሚሲዮናዊ ናቸው። ዓጼ ሠርፀ ድንግል (1563–1597፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእናርያን ገዥ አስጠመቁ። ካፑቺኑ ጉልየልሞ ማሳያ በ1859 ካፋ ገቡ። በ1897 የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ፤ ያን ጊዜ ሞቻ ይባል የነበረው ሸካም ብዙ ሳይቆይ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ፤ ማሻም በኢሉባቦር ውስጥ የሞቻ አውራጃ ከተማ ሆነች። ይህ ሁሉ ሃይማኖቱ ወደ አገሩ በየትኛው በር እንደገባ ያስረዳል። ከሰው ቤት ገብቶ እንዴት እንደተቀመጠ ግን አያስረዳም። በዚያ ደጋ ክርስትናን ያስቀመጠችው እናት ናት ብዬ አምናለሁ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ የሃይማኖቱን ዋና ዋና ነገር የተማረው ከቅኔ ማኅሌት ይልቅ በአራስ ቤትና በማድቤት ነው።

የመጀመሪያውን ማስረጃ የምናገኘው ከራሱ ከካፋ ነው። የእናርያ ጥምቀት ከተፈጸመ በኋላ የኦሮሞ መስፋፋት ከጎጀብ ወንዝ ወዲያ፣ በካፋ ያሉትን ክርስቲያኖች ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ለየ። ጳጳስ በሌለበት ቅስና አይሰጥም፤ ቅስና ከሌለም ቁርባን የለም። ሆኖም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማሳያ ሲደርሱ ጾም የሚጾሙ፣ መስቀልን የሚያከብሩ፣ ራሳቸውን ክርስቲያን የሚሉ ሰዎች አገኙ። አንዳንዱ ይህን የጎሳ ካህናት ያቆዩት ነው ይላል፤ በከፊል ልክ ነው። ካህን በዓሉ የሚውልበትን ቀን ሊያሳውቅ ይችላል። ጾም ግን ምግብ የምታበስለው ሴት ቅቤውንና ወተቱን ካላነሣች በቤቱ ውስጥ የለም፤ ልጅም የእናቱን መከልከል ሳያይ መከልከልን አይለምድም። በታሪክ መጽሐፍ ስሟ ያልተጻፈ እናት የሠራችውን እዚህ ላይ መካድ አይቻልም።

የወሊዱን ሥርዓት ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ምጥ ሲይዝ ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጠናሉ። ሕፃኑ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ገንፎው ይገነፋል፤ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ጠያቂም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳትል አትቀመጥም። ዓጼ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ሠላሳ ሦስቱን የማርያም በዓላት ደንግገው፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ባያደርጉ ኖሮ ይህ ልማድ ይህን ያህል ሥር ባልሰደደ ነበር። ሊቃውንቱ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት እያሉ ለትውልዶች ተከራክረው፣ ነገሩ በ1878 በዓጼ ዮሐንስ ፊት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተቆረጠ። የዚያ ክርክር ረቂቅነት ከአንዲት ምጥ የያዛት ገበሬ ሴት ጋር የሚያገናኘው ያለ አይመስልም። እሷ ግን የክርክሩን ፍሬ ይዛው ነበር፦ አምላክ ከሴት ተወለደ፣ ጡት ጠባ፣ ስለዚህ ጭንቄን የምታውቅ አለች። ይህ ሳይማሩ የተያዘ ትምህርተ ሥጋዌ ነው፤ ከሊቃውንቱ ትምህርት ያንሳል የሚለኝን ሰው አልቀበለውም።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሴት ወንድ ስትወልድ እስከ አርባ፣ ሴት ስትወልድ እስከ ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ወሊድን እንደ እርኩሰት የቆጠረ አይደለም? ዘሌዋውያን ለሚያነብ ሰው ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የሰማንያው ቀን ሸክም በሴት ልጅ እናት ላይ መውደቁም ቀላል አይደለም። የእኛ መምህራን መልስ የሚያመጡት ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ይላሉ። በዚህ አተረጓጎም እናት ልጇን ታቅፋ ለክርስትና ስትመጣ የተባረረች ሴት ሳትሆን አዲስ አዳም ወይም አዲስ ሔዋን ወደ ገነት የምታስገባ ናት። ሕፃኑም በዚያው ቀን ተጠምቆ ይቆርባል፣ ማተብ ይታሰርለታል። መልሱ ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋል አልልም። ነገር ግን ሥርዓቱ በሥራ ላይ ምን እንደሰጣትም መታየት አለበት፦ ሌላ ጊዜ ውኃ ከመቅዳትና እንሰት ከመፋቅ ለማታርፍ ሴት፣ ሰው እያበላት የምትተኛበት ጊዜ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይቆረቁራል፦ ክርስትና ለሸካ ሰው ከጠመንጃና ከገባርነት ጋር መጣ፤ ታዲያ የእናት ርኅራኄ እያሉ ማውራት ያንን መሸፈን አይሆንም? መሸፈኑ ይቅር። የባለ ርስቱ ሥልጣን በ1975 በመሬት አዋጁ ፈርሷል፤ የቀረው ሃይማኖት ግን አብሮት አልፈረሰም። በሥልጣን ብቻ የቆመ ቢሆን መፍረስ ነበረበት። በኋላ ደርግ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ቤቱን የያዘችው ደግሞ ያችው እናት ናት። ፕሮቴስታንቱ የማርያምን ስም ከምጡ ጸሎት ቢያወጣም ገንፎውን፣ የጎረቤት መሰብሰቡን፣ ሕፃኑን ለእግዚአብሔር ማቅረቡን አልተወም። ይህች እናት ወንጌሉን በጓሮዋም ታገኘዋለች፦ እንሰት ሲባዛ እናት ተክሉ እንቡጧ ተቆርጦ ትቀበራለች፤ ከአንዷ ግንድ በርካታ ችግኝ ይበቅላል፣ እሷ ግን ታልቃለች። ይህን ሥራ በእጇ የምታውቅ ሴት ስለ ወደቀችው የስንዴ ቅንጣት የተነገረውን የወንጌል ቃል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

የማላልፈው አንድ ተቃውሞ ግን አለ። የእናትን ሥቃይ ትምህርት ብሎ ማወደስ ሞቷን ቀላል ሊያደርገው ይችላል። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ሞተዋል፤ በ2016 ቁጥሩ 412 ነበር። ለእነዚህ ሴቶች መማለድ ብቻ አልበቃም፤ አዋላጅና ደም ያስፈልጋቸው ነበር። ይሁን እንጂ ልማዱን የሕክምና ጠላት ማድረግም ስሕተት ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በጤና ጣቢያ ለመውለድ ከማይፈልጉት ብዙዎቹ ያቀረቡት ቅሬታ እዚያ ዘመድ አጠገባቸው አለመኖሩ፣ ገንፎና ቡና አለመኖሩ፣ ጸሎት አለመሰማቱ ነው። በብዙ ቦታ የእናቶች ማቆያ የተሠራው፣ በማቆያውም ገንፎ የሚገነፋውና ቡና የሚፈላው ይህ ቅሬታ ሰሚ ስላገኘ ነው፤ አዋላጇም የወላዷን ዘመዶች ጸሎት ሳታቋርጥ ሥራዋን ትሠራለች።